ብሎኪንግ የኔትወርክ ጥሪ በሊብከርል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ለሱቅ፣ ለመጋዘን፣ ለክሊኒክ ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች አሉ። ሥራቸው በአብዛኛው ይመሳሰላል። እዚህ ያለው ኮምፒውተር ሩቅ ካለ ሰርቨር ጋር ይነጋገራል፤ ሽያጭ ይልካል፣ ዋጋ ያመጣል፣ ፋይል ያወርዳል። የሚጠይቁኝም ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው፦ «ኔትወርኩ ሲደክም ፕሮግራሜ ይደርቃል፤ ምን ላድርግ?» መልሱን ከነዝርዝሩ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ምሳሌዎቹ በሊብከርል ናቸው፤ ፕሮግራማችሁ ከሰርቨር ጋር ዳታ እንዲላላክ የሚያደርግ ላይብረሪ፣ ማለትም የተዘጋጀ ኮድ ነው፤ ሌላ ላይብረሪ የምትጠቀሙም አብዛኛው ይሠራላችኋል።

ብሎኪንግ ጥሪ የሚባለው ምንድን ነው?

ሥራው እስኪያልቅ የማይመለስ ጥሪ ነው። ኢዚ ፐርፎርም የሚባለውን የሊብከርል ፈንክሽን ስትጠሩ ላይብረሪው የሰርቨሩን አድራሻ ይፈልጋል፣ ይገናኛል፣ ምስጠራውን ይጀምራል፣ ጥያቄውን ይልካል፣ መልሱን ይቀበላል። ይህ ሁሉ እስኪያበቃ ኮዳችሁ ወደ ቀጣዩ መስመር አያልፍም። ልጅ ሱቅ ልኮ እስኪመለስ በር ላይ ቆሞ እንደመጠበቅ ነው።

ኋላቀር አሠራር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ኮዱ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ስህተት ሲመጣ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ለአንድ ሱቅ፣ ለአንድ መጋዘን፣ ማታ ማታ ሪፖርት ለሚልክ ፕሮግራም ከዚህ የሚሻል ምርጫ አይታየኝም። ግን አንድ ነገር ቀድማችሁ መወሰን አለባችሁ፦ እስከ መቼ ነው የምትጠብቁት? ላይብረሪው ይህን አይወስንላችሁም።

ለምን ሊብከርል?

በየቦታው ስላለ። ከርል የሚባለውን ትእዛዝ ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ በ1998 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ ላይብረሪው በ2000 ተከተለ። ኮዱ ክፍት ነው፣ በነጻ ነው። ዛሬ ስልክ ውስጥም፣ ቴሌቪዥን ውስጥም፣ መኪና ውስጥም አለ። ፒኤችፒ የምትጽፉ ከሆነ በከርል የምትልኩት ሁሉ ከሥሩ ይኸው ላይብረሪ ነው።

ፕሮግራሜ ለምን ይደርቃል? ኤረር አይሰጥም፣ አይቀጥልም።

አልደረቀም፤ እየጠበቀ ነው። ጠብቅ ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ መቼ ይብቃህ እንደምትሉት ግን አልነገራችሁትም።

የጠቅላላው ጊዜ ገደብ፣ ታይምአውት የሚባለው ኦፕሽን፣ ካልነካችሁት 0 ነው። 0 ማለት እዚህ «ገደብ የለህም» ማለት ነው። ለመገናኘት ብቻ የሚሆን ሌላ ገደብ አለ፤ ኮኔክት ታይምአውት ይባላል። እሱ ካልተነካ 300 ሰከንድ ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ! ደንበኛ ፊታችሁ ቆሞ አምስት ደቂቃ መጠበቅ የማይታሰብ ነው።

ታይዋን ገበያ ውስጥ አንድ ጫማ ሱቅ አለ እንበል። ሻጯ «መዝግብ» የሚለውን ትጫናለች። ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቷል፣ የሽያጩን ዝርዝር ልኳል፣ መልስ እየጠበቀ ነው። በዚህ መሀል ኔትወርኩ ይሄዳል። ራውተሩ በርቷል፣ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፣ ኮምፒውተሩም ምንም የጎደለ አይመስለውም። ሰርቨሩ ዝም ስላለ ብቻ ቲሲፒ (ግንኙነቱን የሚይዘው የኔትወርክ ደንብ) ግንኙነቱን አይዘጋም፤ ሰርቨሩ ገና መልሱን እያዘጋጀ ሊሆን ይችላላ። ስለዚህ ጥሪው ይጠብቃል። ኔትወርኩ ቢመለስ እንኳ ራውተሩ አዲስ አድራሻ ይዞ ከተነሣ አሮጌው ግንኙነት አብቅቶለታል፤ የእናንተ ፕሮግራም ግን ይህን የሚነግረው የለም። ሻጯ ቁልፉን ደጋግማ ትጫናለች። መስኮቱ ይነጣል። በመጨረሻ ማሽኑን አጥፍታ ታበራዋለች። ያ ሽያጭ ሰርቨሩ ጋ ይድረስ አይድረስ አሁን ማንም አያውቅም።

ሁለቱን ገደቦች ሳትሞሉ ኮድ ለሰው አታስረክቡ። ሁለት መስመር ኮድ ነው።

እሺ፣ ስንት ሰከንድ ላድርገው?

እንደሚላከው ነገር ይለያያል። ለመገናኘት 10 ሰከንድ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። በሞባይል ዳታ የመጀመሪያው ግንኙነት ትንሽ ሊዘገይ ስለሚችል 2 ሰከንድ ብሎ ማጥበቅ በከንቱ ኤረር ያበዛል። ሽያጭ ወይም ዋጋ ለመሰለ ትንሽ መልእክት ጠቅላላውን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ አድርጉት። ጠቅላላው የመገናኛውንም ጊዜ ጨምሮ ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ ከኮኔክት ታይምአውት ማነስ የለበትም።

ትልቅ ፋይል ላይ ግን ይህ አካሄድ አያዋጣም። 200 ሜጋባይት ፋይል ላይ 30 ሰከንድ ብትሉ ደህና እየወረደ ያለውን ታቋርጡታላችሁ። አንድ ሰዓት ብትሉ ደግሞ ከቆመ በኋላ ሰዓቱን ሙሉ ትጠብቃላችሁ። እዚህ ላይ ነው የፍጥነት ገደቡ የሚጠቅመው። ሎው ስፒድ ሊሚት እና ሎው ስፒድ ታይም የሚባሉ ሁለት ኦፕሽኖች አሉ፤ አብረው ነው የሚሠሩት። የመጀመሪያውን 1000፣ ሁለተኛውን 30 ብትሉት «ፍጥነቱ ለ30 ሰከንድ ያህል በሰከንድ ከ1000 ባይት በታች ከሆነ ተወው» ማለታችሁ ነው። ቀስ እያለ የሚወርደው ይቀጥላል፤ የቆመው ይቆረጣል። ከሊብከርል ኦፕሽኖች ሁሉ ለእኛ አገር ኔትወርክ የበለጠ የሚመች አላየሁም፤ ብዙ ልጅ ግን መኖሩንም አያውቅም።

ቁጥሩን ከመወሰናችሁ በፊት ለኩ። እያንዳንዱ ዝውውር ካለቀ በኋላ ሊብከርል ጊዜውን ከፋፍሎ ይሰጣችኋል፦ አድራሻ ለመፈለግ ስንት ፈጀ፣ ለመገናኘት ስንት፣ ምስጠራው እስኪያልቅ ስንት፣ የመጀመሪያው ባይት እስኪመጣ ስንት፣ በጠቅላላ ስንት። ሁሉም ከመነሻው ጀምሮ ስለሚቆጠሩ የአንዱን ድርሻ ለማግኘት ከፊቱ ያለውን ቀንሱ። ይህን ሎግ ውስጥ ጻፉት። ሌሊት ማንም በሌለበት ሰዓት አትለኩ። ድሬ ላይ ገበያው የሚደራው ሙቀቱ ሲበርድ ነው፤ ከሰዓት በኋላና አመሻሹ ላይ፣ ከዚራም መጋላም ሰው ሲሞላ፣ እዚያው ፕሮግራሙ የሚሠራበት ሱቅ ሆናችሁ ለኩ።

ኢዚ ፐርፎርም የመለሰው 0 ነው፤ ዳታው ግን ትክክል አይደለም። ለምን?

0 ማለት «ዝውውሩ ተሳክቷል» ማለት ብቻ ነው። ሰርቨሩ «የለም» ብሎ 404 ቢመልስም፣ «ተበላሽቻለሁ» ብሎ 500 ቢመልስም ሊብከርል መልሱን በሰላም ተቀብሏልና 0 ይላችኋል። የሪስፖንስ ኮዱን (እንደ 404 ያለውን የሰርቨሩን የመልስ ቁጥር) ለብቻ ጠይቃችሁ ማየት የእናንተ ድርሻ ነው። ወይም ፌይል ኦን ኤረር የሚለውን ኦፕሽን ክፈቱ፤ ያኔ 400 እና ከዚያ በላይ ሲመጣ 22 ይመልሳል።

ሌላው የሆቴልና የካፌ ዋይፋይ ነው። ገና ሳትገቡ የይለፍ ቃል ገጹን ሊሰጣችሁ ይችላል። ኮዱ 200፣ ውስጡ ግን የሆቴሉ ገጽ! አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረው መንገድ) ከሆነ የሰርቨሩን ማንነት የሚያሳየው ሰርቲፊኬት ስለማይገጥም ይህ አይደርስባችሁም። ሪዳይሬክትን (ሰርቨሩ «ወደ ሌላ አድራሻ ሂድ» ሲል) ደግሞ ሊብከርል ካላዘዛችሁት አይከተልም፤ ባዶ የሚመስል መልስ ከመጣ 301 ወይም 302 መሆኑን እዩ።

የኤረር ቁጥሮቹን ሁሉ ማወቅ አለብኝ?

ሁሉንም አይደለም። 6 የሰርቨሩ ስም አልተገኘም ነው፤ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔቱ ጭራሽ የለም። 7 አድራሻው ታውቋል፣ መገናኘት ግን አልተቻለም። 28 የጊዜ ገደባችሁ አለቀ፤ የፍጥነት ገደቡም ሲያቋርጥ የሚመልሰው ይህንኑ 28 ነው። 18 ፋይሉ ሳያልቅ ተቋረጠ። 23 የተቀበለውን መጻፍ አልቻለም፤ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ እዩ።

60 ላይ ትንሽ ልቆይ። የሰርቨሩ ሰርቲፊኬት አልታመነም ማለት ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሰርቨሩ አይደለም፤ የኮምፒውተሩ ቀን ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ የማዘርቦርድ ባትሪው ሲያልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሌላም አለ። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው ኮምፒውተሩን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። በዚያ ቀን ሰርቲፊኬቱ ገና አልወጣም፤ ላይብረሪው አላምንም ማለቱ ልክ ነው። ቀኑን አስተካክሉ፣ ባትሪውን ቀይሩ።

ኢንተርኔት ላይ የሰርቲፊኬት ማረጋገጫውን አጥፉት የሚል ምክር ታገኛላችሁ፤ ቬሪፋይ ፒርን 0 አድርጉት ይላል። እባካችሁ አታድርጉት። ማረጋገጫው ከጠፋ በመሀል የገባ ማንም ሰው ሰርቨሩ እኔ ነኝ ማለት ይችላል፤ የደንበኞቻችሁ ስምና ሒሳብ በእጁ ገባ ማለት ነው።

28 ሲመጣ ደግሜ ልላክ?

ዋጋ ለማምጣት ከሆነ፣ አዎ። ማንበብ ቢደጋገም የሚጎዳው የለም።

ሽያጭ ወይም ክፍያ ከሆነ ቆም በሉ። 28 የሚነግራችሁ እናንተ መጠበቅ ማቆማችሁን ብቻ ነው። መልእክቱ ጭራሽ አልደረሰ ይሆናል። ደርሶ ሰርቨሩ ገና እየሠራበት ይሆናል። ተመዝግቦ አልቆ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶም ይሆናል። ከዚህ በኩል ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። በጭፍን ደግማችሁ ከላካችሁ አንድ ጥንድ ጫማ ሁለቴ ይሸጣል። ካልላካችሁ ጭራሽ ያልተሸጠ ይሆናል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የሚጠየቀው ደግሞ ኮዱን የጻፈው ሰው ሳይሆን ሻጯ ናት። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ቀላል አታድርጉት።

መፍትሔው የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ሽያጭ የራሱ የማይደገም ቁጥር ይኑረው። ቁጥሩ የሚወጣው ሱቁ ኮምፒውተር ላይ፣ መጀመሪያ ከመላኩ በፊት ነው። ከሽያጩ ጋር ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ኤስኪውላይት የሚባለው ትንሽ ዳታቤዝ ለዚህ በቂ ነው። ስትደግሙ ያንኑ ቁጥር ላኩ፣ አዲስ አታውጡ። ሰርቨሩ ጋ ደግሞ ዳታቤዙ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ እንዳይቀበል አድርጉት፤ ያየው ቁጥር ሲመጣ የቀድሞውን መልስ ይመልስ። ይህ ካለ አሥር ጊዜ ብትልኩም ሽያጩ አንድ ነው።

በሙከራዎች መሀል ቆይታ ይኑር። 2 ሰከንድ፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8 እያለ ይሂድ፣ ትንሽ የዘፈቀደ ቁጥርም ጨምሩበት። አለበለዚያ ኔትወርኩ እንደተመለሰ ሱቆቹ ሁሉ በአንዴ ሰርቨሩ ላይ ይዘምታሉ።

መስኮቱ እንዳይነጣ ምን ላድርግ?

መስኮቱን የሚስለው ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር) ላይ ብሎኪንግ ጥሪ አታድርጉ። ሌላ ትሬድ ክፈቱ፣ ጥሪው እዚያ ይጠብቅ። ለሱቅ ከሆነ ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ። ሽያጩ ዲስክ ላይ ሲጻፍ ለሻጯ «ተመዝግቧል» በሏት፤ መላኩን ለብቻው የሚሠራ ትሬድ ተራ በተራ ያድርገው። ኔትወርክ ኖረም አልኖረ ሽያጩ አይቆምም። አቦ፣ ደንበኛ ለምን ሰርቨር ይጠብቃል!

ትሬድ ስትጠቀሙ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንድን ሀንድል (ኦፕሽኖቹን የምትሞሉበትንና ለኢዚ ፐርፎርም የምትሰጡትን) ሁለት ትሬዶች በአንድ ጊዜ አይንኩት፤ ለየትሬዱ የራሱን ስጡት። ላይብረሪውን ለሥራ የሚያዘጋጀውን፣ ግሎባል ኢኒት የሚባለውን ፈንክሽን ደግሞ ትሬዶቹ ከመነሣታቸው በፊት አንድ ጊዜ ጥሩ። ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ኖ ሲግናል የሚለውን ኦፕሽንም 1 አድርጉት።

የጀመርኩትን ዝውውር መሀል ላይ ማቋረጥ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ሂደቱን የሚነግራችሁን ካልባክ (እናንተ ጽፋችሁ ላይብረሪው የሚጠራው ፈንክሽን) አስገቡ፣ ኖ ፕሮግረስ የሚለውን 0 አድርጉ። ዳታ ባይመጣም እንኳ ካልባኩ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ይጠራል። ከ0 የተለየ ቁጥር ስትመልሱ ሊብከርል ሥራውን አቁሞ 42 ይመልሳል። «ሰርዝ» የሚለው ቁልፍ የሚሠራው እንዲህ ነው።

ለእያንዳንዱ ሪኩዌስት አዲስ ሀንድል ልክፈት?

አይ። አንዱን ደጋግማችሁ ተጠቀሙበት። ሊብከርል ያለቀውን ግንኙነት ወዲያው አይዘጋውም፤ ለቀጣዩ ያቆየዋል። ሀንድሉን ባጠፋችሁት ቁጥር ይህ ሁሉ ይጠፋና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

እኛ ጋ ይህ ለውጡ ይታያል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት የኢንተርኔት መስመራችን እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው ወደ ባሕር ኬብል የሚደርሰው። ሰርቨራችሁ አውሮፓ ነው፣ የኬብሉ መንገድም 8 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 80 ሚሊሰከንድ ነው። አዲስ ግንኙነት ለመክፈት ቲሲፒ አንድ ደርሶ መልስ ይፈልጋል፤ ምስጠራው በቲኤልኤስ 1.3 አንድ፣ በ1.2 ሁለት ይጨምራል። ጥያቄያችሁ ገና ሳይላክ 160 ወይም 240 ሚሊሰከንድ ሄደ። አንድ መቶ ሽያጭ ተራ በተራ የምትልኩ ከሆነ ከ16 እስከ 24 ሰከንድ በከንቱ ነው። ሳይዘጋ የተያዘው ግንኙነት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን መጀመሪያ የሞከረው ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት መስመር ይዞ አንዱ ሲጠፋ ወደ ሌላው መዞር ተችሏል። መስመር ስትቀይሩ አድራሻችሁ ይቀየራል፣ ሳይዘጋ የተያዘው ግንኙነትም ዋጋ አይኖረውም። ሊብከርል ከ118 ሰከንድ በላይ ሥራ ፈት የቆመ ግንኙነት በራሱ አይጠቀምም፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ሊሞክረው ይችላል። እንዲህ ያለ ሙከራ በ28 ካለቀ ሲደገም አዲስ ግንኙነት የሚያስከፍተውን፣ ፍሬሽ ኮኔክት የሚለውን ኦፕሽን ክፈቱ።

ጁገል ያለው ቢሯችን 200 ሜጋባይት ያወርዳል፤ 180 ላይ ሲቋረጥ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው።

ያለውን ፋይል መጠን ለክታችሁ ሪዝዩም ፍሮም ላርጅ ለሚለው ኦፕሽን ስጡት፤ ከዚያ ባይት ይቀጥላል። ፋይሉንም ከመጨረሻው እየጨመረ በሚጽፍ መንገድ ክፈቱት። ሰርቨሩ ይህን የሚደግፍ ከሆነ 206 («ከፊሉን ልኬያለሁ») ይመልሳል። በመሀል ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ ተቀይሮ ከሆነ ግን ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ይሆንባችኋል። ሲያልቅ ሻ256 ቼክሰሙን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ ቁጥር) አመሳክሩ።

ሪኩዌስትስ በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ነው የምጽፈው። ይህ እኔን ይመለከታል?

በደንብ ይመለከትሃል። ሪኩዌስትስም ካልነገርከው ያለ ገደብ ይጠብቃል። ታይምአውት ብለህ የምትሰጠው ቁጥርም የጠቅላላው ጊዜ አይደለም። ለመገናኘት ከዚያም ባይት ከባይት መሀል ለሚኖረው ዝምታ ነው። በየ5 ሰከንዱ ጥቂት ባይት የሚልክ ሰርቨር 10 ሰከንድ ያልከውን ገደብ ሳይነካ ግማሽ ሰዓት ሊያቆምህ ይችላል።

ብሎኪንግን መተው ያለብኝ መቼ ነው?

በአንድ ጊዜ ብዙ ዝውውር ሲኖራችሁ። አምስት ስድስት ከሆነ ትሬድ ይበቃል። በመቶ የሚቆጠር ከሆነ የሊብከርል መልቲ ኢንተርፌስ አለ፤ አንድ ትሬድ ላይ ሁሉንም ያስኬዳል። ኢዚ ፐርፎርም ራሱ ከውስጥ የሚሠራው በዚሁ መልቲ ነው፤ ስለዚህ የሞላችኋቸው ኦፕሽኖች እንዳሉ ይቀጥላሉ።

ደካማ ኔትወርክን ሆን ብዬ እንዴት ልሞክር? ስፈልገው ኔትወርኩ ደህና ይሆናል።

192.0.2.1 የሚባለውን አድራሻ ጥሩ። ለማስተማሪያ ብቻ የተያዘ ስለሆነ ማንም አይመልስላችሁም፤ ኮኔክት ታይምአውታችሁን ትፈትኑበታላችሁ። መስመራችሁ ወዲያው 7 ከመለሰ ራውተራችሁ አድራሻውን ከልክሎታል፤ ሌላ መስመር ሞክሩ። ሊኑክስ ላይ ቲሲ በሚባለው ትእዛዝ፣ ኔትኤምን ተጠቅማችሁ፣ 400 ሚሊሰከንድ መዘግየትና 10 በመቶ የፓኬት መጥፋት ጨምሩ፤ ፕሮግራማችሁ እንዴት እንደሚሆን ታያላችሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ግን የሚቀበልና ዝም የሚል ሰርቨር ነው። ኔትካት በሚባለው ትእዛዝ ራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ አንድ ፖርት ክፈቱና ፕሮግራማችሁን በተራ ኤችቲቲፒ ወደዚያ ላኩት። ጥያቄያችሁ ተርሚናሉ ላይ ተጽፎ ይታያል። ምንም አትመልሱ። 30 ሰከንድ ካላችሁ በ30ኛው ላይ 28 መምጣት አለበት፤ ሽያጩም ዲስኩ ላይ ከነቁጥሩ «አልተላከም» እንደተባለ መቀመጥ አለበት። ከዚያ እውነተኛውን ሰርቨር መልሱና ያው ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ መመዝገቡን ዳታቤዙ ውስጥ ገብታችሁ እዩ።